የጎባ መጻሕፍት አልጠፉም

ወሬው የደረሰኝ ከጎባ ወደ ሮቤ በምመለስበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ከተቀመጡ ሁለት ሴቶች ነው። ስለ እኔ እንደሚያወሩ አላወቁም።

«ያ የመጽሐፍ መፈለጊያ ሊዘጋ ነው አሉ» አለች አንደኛዋ።

«የቱ?»

«ስልክ ላይ የምንከፍተው ነዋ! የመጽሐፉን ስም ስትጽፊለት የትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ የሚነግርሽ።»

«ውይ! ለምን? እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን በእሱ አይደል እንዴ የጨረስኩት!»

«ውሸታም ነው አሉ። ጎባ የሌለ መጽሐፍ ‹አለ› ይላል። መደርደሪያውን ቢቆጥሩት የለም። የሠራችው ሴትዮ ናት አሉ፣ ብዙ እንዲመስልላት የጨመረችው።»

«የቷ ሴትዮ?»

«አንዷ ወሎዬ። ሰላት የማታሳልፈዋ።»

«እየሰገደች መጽሐፍ ትፈጥራለች? አቦ ተይኝ!»

ተሳሳቁ። ሆስፒታል የተኛች ጎረቤቴን ጠይቄ እየተመለስኩ ነበር፤ ባዶ የምግብ ሳህኗ ጭኔ ላይ ነው። በተፈጥሮዬ ቸኩዬ የምናገር ሰው አይደለሁም። አንዲት አጭር መልእክት ለመላክ እንኳ ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ። ዞር አልኩና፦

«እህቶቼ፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። መጻሕፍቱም አሉ» አልኳቸው።

ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አንድ ለዜሮ!» ብለው ሳቁ።

«አፉ በይን» አለች ቀድማ ያወራችው፣ ፊቷ ቀልቶ። «እኛ የሰማነውን ነው።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ቢሮ ነው የተወራው። ደብዳቤ ወጥቷል አሉ።»

ደብዳቤ መውጣቱን እኔ አላወቅኩም ነበር። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት፤ «አለ» ያልሻቸው የጎባ መጻሕፍት የት ናቸው ይላል። መልሴንም በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጥቻለሁ። በአንድ ገጽ የማያልቀው ደግሞ ይኸው።

አገሬ ኮምቦልቻ ነው። ሮቤ ስመጣ ለእናቴ «ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብያት ነበር። ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እናቴ ስትደውል ሁልጊዜ «እዚያ አገር ብርዱ እንዴት አደረገሽ?» ትለኛለች። መቼ ትመጫለሽ ማለቷ ነው። እኔም «ለምጄዋለሁ» እላታለሁ። አልመጣም ማለቴ ነው፤ ሁለታችንም እንግባባለን። እውነቱን ለመናገር ብርዱን አልለመድኩትም። ጠዋት ከሰኔቲ አምባ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጓንት እንዳደረግኩ ቁልፍ ሰሌዳ እንድነካ ያደርገኛል። የለመድኩት ሥራዬን ነው።

ሥራዬ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮችን መጠበቅ ነው። መፈለጊያውን እንድሠራ ማንም አላዘዘኝም። አንድ ቀን የጤና ተማሪ የሆነች ልጅ ከጎባ ተሳፍራ እኛ ጋ መጣችና ስለ አዋላጅነት የሚያስተምር መጽሐፍ ጠየቀች። እኛ ጋ አልነበረም። ስልክ ደዋውዬ ባጣራ መጽሐፉ የተገኘው እዚያው ጎባ፣ ከምታድርበት ግቢ መንገድ ተሻግሮ ነው። ልጅቷ «ታዲያ ማን ይንገረኝ?» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ እራቴን እየበላሁ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

ሮቤና ጎባ ውስጥ ያኔ መጽሐፍ የሚያውሱ አምስት ቤቶች ቆጠርኩ። አንዱ ካታሎጉን በደንበኛ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ይዟል። ሁለቱ በኤክሴል ይዘውታል፣ ያውም አንዱ የደራሲውን ስም በርዕሱ ቦታ እየጻፈ። አራተኛው ሠሪው ትቶት በሄደ አሮጌ ዳታቤዝ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ለመፈለግ ብቻ አንድ ወር ፈጀብኝ። አምስተኛው ኮምፒውተር የለውም።

የሠራሁት ፕሮግራም መጻሕፍት የሉትም። ኮምፒውተር ከሌለው ከአምስተኛው ቤት በቀር የመጻሕፍት ዝርዝር እንኳ የለውም። በር ላይ እንደቆመች መልእክተኛ ነው። አንተ አንዴ ትጠይቃለህ፤ እሷ ለእያንዳንዱ ቤት በሚገባው አነጋገር ትጠይቅልህና መልሱን ሰብስባ ታመጣልሃለች። የእኔ ድካም በሙሉ ለአምስቱ ቤቶች አምስት አስተርጓሚ መጻፍ ነበር። መልእክተኛ ከራሷ አትጨምርም። «ሴትዮዋ ጨመረችው» የሚሉት ይህን አያውቁም፤ ወይም እያወቁ ነው። የአምስተኛውን ቤት ዝርዝር እንኳ ከካርዱ እንዳለ ነው የገለበጥኩት።

አምስተኛው ቤት ጎባ ውስጥ ያለ ትንሽ የንባብ ቤት ነው። ጠባቂው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚያ የተቀመጡ፣ እሳቸው ጎባ ተወልደው ጎባ የሸበቱ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ካታሎጋቸው በእንጨት መሳቢያ የተደረደረ ካርድ ነው፤ እያንዳንዱን ካርድ በራሳቸው እጅ ጽፈውታል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ላፕቶፔን አየት አደረጉና፦

«ይኼ ዝናብ ይችላል?» አሉኝ።

«አይችልም ጋሼ።»

«እንግዲያው ከካርዴ አይበልጥም።»

ያም ሆኖ ፈቀዱልኝ። ብዙ ቅዳሜዎች እሳቸው ካርዱን እያነበቡልኝ እኔ ጻፍኩ። የዙህር ሰላት ሰዓት ሲደርስ ሳልነግራቸው ይነሱና መጋረጃውን ስበው ጥጉን ባዶ ያደርጉልኛል። በእሳቸው የጾም ቀን ደግሞ እኔ ይዤ የሄድኩትን ምሳ አልፈታም። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ጊዜ ተቆጥተውኛል፤ ያ ቁጣ እስከ ዛሬ ሥራዬን ይመራዋል። ፕሮግራሙ በተከፈተ ሰሞን ሮቤ መብራት ጠፋና የአንዱ ቤት ሰርቨር መልስ አቆመ። ጋሼ ጎባ ሆነው በስልካቸው መጽሐፍ ፈለጉ፣ ገጹም «የለም» አላቸው። መጽሐፉን ግን እዚያ ቤት በዓይናቸው አይተውታል። ደወሉልኝ።

«ጠይቀሽ ነው ‹የለም› ያልሽኝ?»

«መብራት ስለሌለ መልስ አልሰጠም ጋሼ።»

«ታዲያ ‹አልመለሰልኝም› በያ! አንኳኩቼ አልከፈቱልኝም ማለትና ሰው የለም ማለት አንድ ነው? ‹የለም› ትልቅ ቃል ነው ልጄ። ‹የለም› ያልሽው ሰው ፍለጋውን ይተዋል።»

በዚያው ሳምንት ኮዱን አስተካከልኩት። መልስ ያልሰጠ ቤት ሲኖር ገጹ «ይህን ቤት መጠየቅ አልቻልኩም፤ ቆይተው ይሞክሩ» ይላል። ከዚያ ወዲህ መፈለጊያው የማያውቀውን ነገር «የለም» ብሎ አያውቅም። አሁን ግን «ጠፍቷል» በሚል ስም ይህንኑ ቃል እንድናገር ነው የተጠየቅኩት።

መጻሕፍቱ መደርደሪያውን ወደለቀቁበት ዝናብ ልምጣ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ በልግ ነበር፣ ቅዳሜ። እኔና ጋሼ የመጨረሻዎቹን ካርዶች እያጠናቀቅን ሳለ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ከአንድ ጎን ገለበጠው። ውኃው በቀጥታ መደርደሪያው ላይ ወረደ። ጮኽን መሰለኝ። ሰው ከየሱቁ ወጣ። ልብስ ሰፊው መርፌ ደረቱ ላይ እንደሰካ መጣ፤ እህል ነጋዴዎች ባዶ ኬሻ ይዘው መጡ፤ የጤና ተማሪዎች መጡ፤ አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ዝናብ ላይ ትቶ ገባ። ደጃፉ ላይ ላስቲክ ወጥረን እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ሁለት፣ ለሚችል ሰው ደግሞ ክንድ ሙሉ መጽሐፍ እያስያዙ፦

«አደራ!» ይላሉ።

«አደራ» ይላል ተቀባዩ። ሙስሊሙ ደግሞ «አማና» ይላል። ከዚያ ጉያው ውስጥ ሸጉጦ በዝናቡ ይሮጣል።

እኔ ላስቲኩን እንደያዝኩ «ጋሼ፣ ስማቸውን ልጻፍ?» አልኳቸው።

ዞረው አላዩኝም እንኳ። «ስም የሚጻፈው ለተበዳሪ ነው። አደራ የተቀበለን ሰው ስምህን ንገረኝ ትይዋለሽ?»

ይህን ስለ እሳቸው ለመመስከር አልፈራም። ስሕተት ነበር። የእኔም ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ዝም አልኩ። ዲኔ፣ እስልምና፣ ውልን ጻፉ ብሎ አስተምሮኛል፤ ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ከፍርሃት አልነበረም። እናቴ ቤት ጎረቤት ወርቋን ለእናቴ ሰጥታ ስትሄድ የምትጽፍ የለችም። ብትጽፍ እናቴ ወርቁን አትቀበላትም ነበር። እዚያ ዝናብ ውስጥ የቆሙት ሰዎችም ስማቸውን ብጠይቃቸው መጽሐፉን መሬት ላይ አስቀምጠው በሄዱ ነበር። ይኼን የማያውቅ ሰው ነው አሁን «መዝገቡ የታለ?» የሚለኝ።

እኔም አንድ ካርቶን ሙሉ ይዤ ሮቤ ገባሁ። እስከ ዛሬ ጥሪ እየጠበቁ አልጋዬ አጠገብ አሉ፤ ጠፍተዋል ከሚባሉት ውስጥ መሆናቸው ነው።

ሰኞ ካርዶቹን ወደ ፕሮግራሙ ሳስገባ ችግር ገጠመኝ። ጋሼ በእያንዳንዱ ካርድ ጥግ በእርሳስ «በአደራ» ብለው ጽፈዋል። የእኔ ሠንጠረዥ ግን የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «አለ» እና «ተውሷል»። ተውሷል ካልኩ የመመለሻ ቀን ይጠይቀኛል፣ ቀን ካልሞላሁ አያልፍም። ደውዬ ጠየቅኳቸው።

«አልተዋሱም» አሉ። «የተዋሰ ሰው ሊያነበው ነው የወሰደው። እነሱ ሊያስቀምጡት ነው የወሰዱት። መጽሐፉ አለ። ቤቱ ነው የተቀየረው።»

«እንግዲያው ‹አለ› ልበል?»

«አለ!»

ጻፍኩ። ሦስተኛ ቃል መፍጠር ነበረብኝ፤ ያን ቀን አልፈጠርኩም። በዚህ ጥፋተኛ ነኝ፤ ማንም ሳይከሰኝ እናገረዋለሁ።

ጣሪያው ቶሎ አልተሠራም። ሲሠራ መደርደሪያው በስብሶ ነበር። አዲስ መደርደሪያ ሲመጣ ደግሞ ጋሼ ጡረታ ወጥተው ነበር። መጻሕፍቱ ለምን በራሳቸው ጊዜ እንዳልተመለሱ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

«ሳይጠሩት አደራ ይዞ የሚመጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ‹ሰለቸኝ፣ ውሰድልኝ› ማለት እኮ ነው። ነውር ነው። ስጠራቸው ይመጣሉ።»

«ታዲያ ይጥሯቸዋ!»

«መደርደሪያው ይድረቅ እንጂ፣ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው።»

ቀለሙ ደረቀ፤ እሳቸው ታመሙ። ከዚያም አረፉ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመን ሸኘናቸው። መጻሕፍቱን የጠራቸው ሰው የለም። ሰዎቹ ጥሪ ይጠብቃሉ፤ ጠሪው ሄዷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን መፈለጊያው «አለ» ማለቱን ቀጥሏል።

በቅርቡ አንድ መምህር ብድሬ ከምትባል ሩቅ ከተማ ተነሥቶ ጎባ ድረስ መጣ። ለተማሪዎቹና ለአካባቢው ከብት አርቢዎች የሚያስረዳበት ስለ ከብት በሽታ የተጻፈ መጽሐፍ ፈልጎ ነው። ገጼ «አለ፣ ጎባ» ብሎታል። መጣ፣ አላገኘም፣ ተመለሰ፣ አቤቱታ ጻፈ። አልቀየመውም፤ እኔም ብሆን እጽፋለሁ። በአቤቱታው መሠረት ቆጣሪዎች ተላኩ። ከዝርዝሩ ጋር መደርደሪያውን አመሳከሩ፣ ብዙ መጽሐፍ አጡ፣ ደብዳቤው ወጣ።

ኃላፊዬ ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘግቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ለስለስ ብሎ ነው ያናገረኝ።

«እህቴ፣ አንድ ቁልፍ ነው። ‹ጠፍቷል› በይና ፈርሚ። መፈለጊያሽ ይቀጥላል፣ ወሬውም ይበርዳል።»

«አልጠፋም።»

«የት ነው ያለው?»

«ሰው ቤት።»

«ማን ቤት?»

«የሁሉንም አላውቅም።»

«እሺ፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ነገር በአማርኛ ምን ይባላል?» አለና ፈገግ አለ። የያዘኝ መሰለው።

«በአደራ የተቀመጠ ይባላል።»

ፈገግታው ጠፋ። «አንቺ ደግሞ ኡስታዝ ሆንሽብኝ እኮ! ካልፈረምሽ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። በቦታው ሌላ ይገዛል ተብሏል። ስንት ዓመት የለፋሽበትን በአንድ ቃል ልታጠፊው ነው?»

«ቃሉ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳህ» አልኩት። «‹ጠፍቷል› ብዬ ስፈርም መጽሐፍ ብቻ አይደለም የምሰርዘው። እነዚያን በዝናብ የሮጡ ሰዎች ሌባ ናችሁ ማለቴ ነው። አንዳቸውንም ሳልጠይቅ። እኔ ሳላጣራ አልመሰክርም።»

«ማንም ሌባ አላለም።»

«የጠፋ መጽሐፍ ቤቱ የተገኘበት ሰው ምን ይባላል? አንተ ንገረኝ።»

«አስቢበት» ብሎኝ ወጣ። አላሰብኩበትም፤ የሚታሰብበት ነገር አልነበረውም። የእኔን ሥራ ለማዳን የሌላ ሰው ስም መጣል አለብኝ ከተባለ፣ ሥራዬ ይቅርብኝ።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ የብድሬውን መምህር ደወልኩለት።

«‹አለ› ብሎኝ ነው የመጣሁት» አለኝ፣ ንዴቱ ገና አልበረደም። «ያን ሁሉ መንገድ! የለም ብትሉኝ እኮ ቤቴ እቀመጥ ነበር።»

«ልክ ነህ። አፉ በለኝ። ግን ‹የለም› ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።»

«ታዲያ የቱ ጋ ነው ያለው?»

«አንድ ሳምንት ስጠኝ።»

«መኪና ውስጥ የፈጀሁትን ሰዓት ብትመልሺልኝ ይሻለኝ ነበር» አለና ሳቀ። ሳምንቱን ግን ሰጠኝ።

ቅዳሜ ጎባ ወጣሁ። ከንባብ ቤቱ ጀምሬ ሱቅ ለሱቅ ጠየቅኩ። ልብስ ሰፊው የእሱን ሁለት መጽሐፍ ከጨርቅ ጥቅሉ ሥር አሳየኝና «የከብቱን አላውቅም፤ እህል ሻጯን አዴ ጠይቂያቸው፣ ያን ቀን ከኬሻቸው ጋር ወስደዋል» አለኝ። «አዴ» በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው፤ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ገብስና ስንዴ ይሸጣሉ። ከሚዛናቸው ኋላ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አዴ፣ አካም ጅርቱ?» ብዬ እንዴት ነዎት አልኳቸው።

«ነጋያ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ደህና ነኝ ልጄ ማለታቸው ነው።

ጉዳዬን በኦሮምኛ ጀመርኩ። ዘጠኝ ዓመት ተምሬ ያለኝ ኦሮምኛ ያው ነው። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«በአማርኛ አውሪኝ፣ ኦሮምኛሽ ያደክመኛል» አሉኝ። የአጠገባቸው ነጋዴዎች ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ስለ መጽሐፉ ስጠይቅ ግን ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ከሚዛኑ ላይ አነሡ።

«ማን ነው የጠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ማነሽ? መጽሐፉን የሰጡኝ ሰውዬው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሞቱ።»

«ያን ቀን ነበርኩ፣ አዴ። ደጃፉ ላይ ላስቲክ ይዤ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ዓይናቸው እግሬ ላይ ቆመ። «ጫማሽ ጭቃው ውስጥ የቀረው!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ!»

«በአንድ እግርሽ ዘለሽ ዘለሽ እየሄድሽ!» ለጎረቤቶቻቸው በኦሮምኛ ደግመው ነገሯቸው፤ ገበያው ሳቀብኝ። ከዚያ ተነሡ። «ነዪ።»

ቤታቸው ከጀርባ ነው። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በተሰቀለ መደርደሪያ ቁርኣን ተቀምጧል። ከእሱ ሥር ባለው እርከን፣ ለብቻው፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። አወረዱት፣ ፈቱት። የከብት በሽታው መጽሐፍ ነው። ጫፉ እንኳ አልታጠፈም።

«ልጆቹ እንዳይነኩት አስጠንቅቄ ነው የኖርኩት» አሉኝ። «እኔ ፊደል አላውቅም። ላሜ ሞታብኛለች፤ ልጄ ‹እዚህ መጽሐፍ ውስጥ መድኃኒቷ ይኖራል፣ እንግለጠው› ቢለኝ እንቢ አልኩ። አማና ነው አይደል? ሰውዬው አንብቡት አላሉኝም።»

ላማቸው ስትሞት መድኃኒቷ ምናልባት እዚያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። እኚህን ሴት ነው እንግዲህ በፊርማዬ ሌባ የማደርጋቸው። እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ ምን ቢመጣ እንደማልፈርም አንድ ጊዜ ለመጨረሻ ወሰንኩ።

«ሞቱ ሲሉኝ አለቀስኩ» አሉኝ በር ላይ ሲሸኙኝ። «አንዱ ለቅሶ ለእሳቸው ነው። ሌላው ‹አሁን ለማን ነው የምሰጠው?› ብዬ ነው። ለምን እስከ ዛሬ አልጠራሽንም?»

መጽሐፉ ብድሬ ደርሷል። መምህሩ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ አንዲት ጥጃ አጠገብ የተገለጠ ገጽ። ከሥሩ «ስለዚህ ‹አለ› እውነት ነበር፣ ግን ቀርፋፋ እውነት» ብሎ ጽፎበታል። ተቀብዬዋለሁ።

ቢሮ ተመልሼ ያን ቀን ያልፈጠርኩትን ሦስተኛ ቃል ፈጠርኩ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ከዓመታት በፊት ብጽፈው መምህሩ ያን መንገድ በከንቱ አይመጣም ነበር። አሁን ከጎባ ካርዶች አንዱን ስትፈልጉ ገጹ «በአደራ ሰው ቤት አለ፤ ይጠራል» ይላችኋል። ኃላፊዬ «ያልተፈቀደ ለውጥ ነው» አለኝ። «እውነቱን ለመጻፍ ነው ወይስ ለመሰረዝ ፈቃድ የሚያስፈልገው?» አልኩት። የሚገዛው ፕሮግራም እንዲህ ያለ ቃል እንደማያውቅ ነገረኝ። እንግዲያው የሚገዛው ፕሮግራም ጎባን አያውቅም።

እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን አለ። አልፈረምኩም፣ አልፈርምም። ቢዘጉትም ኮዱ እጄ ላይ ነው፤ በላፕቶፔም ቢሆን ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ። መብራት ሲኖር ይሠራል፣ ሲጠፋ «መጠየቅ አልቻልኩም» ይላል፤ «የለም» ግን አይልም። ውሸታም መባሌ አላህ ዘንድ ምን እንደሚመዝን እሱ ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ የእናንተ፣ አደራ የተቀበላችሁት፣ ሌባ መባል ነው።

አዴ ያሉኝን ሳስበው ቆየሁ። ሊጠራ የሚችለው ያን ቀን የነበረ ሰው ነው። ጋሼ የሉም። እኔ ነበርኩ። ላስቲኩን ይዤ ነበር፣ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፣ አንዳንዶቻችሁም ተደብቃችሁ ስትስቁብኝ አይቻችኋለሁ።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጎባ የነበራችሁ ሁሉ፣ ልብስ ሰፊ፣ ነጋዴ፣ አሁን የት ሆስፒታል እንደምትሠሩ የማላውቃችሁ የጤና ተማሪዎች፣ ፈረስህን ዝናብ ላይ ትተህ የገባኸው ጋሪ ነጂ፦ ጠርቻችኋለሁ። ከነውር አትቁጠሩት፣ ጥሪው መጥቷል። መጽሐፉን ዛሬውኑ ይዛችሁ መምጣት አይጠበቅባችሁም። ከጨርቁ ፍቱት፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ በጋሼ እጅ የተጻፈ የካርዱ ቁጥር አለ። ያን ቁጥር የንባብ ቤቱ በር ላይ በሰቀልኩት ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ስማችሁን አልጠይቃችሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ከቁጥሩ አጠገብ «አለ» ብቻ በሉ።

ደግሞ እስክትመልሱት ድረስ፣ እባካችሁ ግለጡና አንብቡት።